ያረጀ ውሻ ታሞ «አልበላም» ሲል

የምንኖረው ከለገጣፎ አለፍ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው የሚጀምርበት ጋ ነው። ሌሊት ጅብ ይመጣል። ጅብ በጮኸ ቁጥር ውሻዬ ነብሮ ይነሳል፣ እሱ ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይነሳል። 13 ዓመት እንዲህ ኖረናል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ጅቡ አጥር ሥር ድረስ መጥቶ ሲጮኽ ነብሮ ዝም አለ። ጠዋት ወጥቼ ሰሃኑን ሳየው የማታው ራት እንዳለ ነው። ዝናብ ገብቶበት ሩዙ አብጧል።

ጎረቤቴ በአጥር ላይ ተንጠራርታ አየችና «ጠግቦ ነው፤ ተይው፣ ሲርበው ይበላል» አለችኝ። ለጎረምሳ ውሻ ይሠራ ይሆናል። ያረጀና የታመመ ውሻ ግን በረሃብ አይቀጣም። ሳይበላ በቆየ ቁጥር ጉልበቱ ያልቃል፣ ይብስ ያቅለሸልሸዋል፣ በኋላ የምግብ ሽታ ራሱ ያስጠላዋል። በቀጣዮቹ ሳምንታት የሠራልኝን፣ ያበላሸሁትንም ጨምሬ፣ በተራ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ

ውሻ ምራቁ ሲዝረበረብና መዋጥ ሲያቅተው ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፤ «አጥንት አንቆት ነው»። ወዲያው እጅጌ ይሰበሰባል፣ እጅ አፉ ውስጥ ይገባል። ይህን አታድርጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም። አንዳንዱ ውሻ ጭራሽ ይፈዛል። መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ውሃ ፊት ቆሞ መዋጥ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ በተለይ ክትባቱ ካለፈበት፣ ለብቻው ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ማባበሉ ይቆያል።

ከነከሳችሁ ወይም ምራቁ ቁስላችሁን ከነካ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር የለም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል።

የነብሮ ክትባት በካርዱ ላይ ነበር፣ ምራቁም ደህና ነው። አለፍኩ።

2. የትኛው «አልበላም» ነው?

ውሻ የማይበላው በሦስት ምክንያት ነው። አያሰኘውም፣ ወይም ያሰኘዋል ግን አይችልም፣ ወይም ምግቡን ሲያሸት ያቅለሸልሸዋል። ሦስቱን የምትለዩት በአንድ ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ነው። ቁራጯን ከአፍንጫው አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙና ዝም ብላችሁ እዩት። አትጥሩት፣ አትለምኑት።

አሽትቶ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ምራቁን ዋጥ ዋጥ አድርጎ ፊቱን ካዞረ እያቅለሸለሸው ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ፊት ጉበትም ብታቀርቡ ለውጥ የለውም። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ መቆም አለበት፣ ለዚያ ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት አለ።

ተቀብሎ ከጣለው፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ካኘከ፣ ወይም ለመብላት ጎንበስ ሲል ካቃሰተ፣ ፈልጎ አልቻለም ማለት ነው። ጥርሱን፣ ድዱን፣ አንገቱን ጠርጥሩ። የአፉ ሽታ ብዙ ይናገራል። የበሰበሰ ጥርስ ሌላ ይሸታል፣ ሽንት ሽንት የሚል ትንፋሽ ደግሞ ኩላሊትን ያስጠረጥራል።

ጭራሽ ዞሮ ካላየው አፍንጫው ደክሟል፣ ወይም ሕመሙ ከባድ ነው።

ነብሮ ሥጋዋን በፊት ጥርሱ ያዛት፣ ወደ መንጋጋው ሲገፋት «እይ» አለና ጣላት። ከዚያ ከንፈሩን ላሰ። ሁለቱም ነበሩበት።

3. ቶሎ የሚያስደውሉ ነገሮች

ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን በአውራ ጣት ጫኑትና ልቀቁት። ነጣ ይልና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። ከቆየ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ምግቡን ተዉትና ስልክ አንሡ። ነጭ ድድና ጆሮ ሥር የተሰካ መዥገር አብረው ከታዩ ለሐኪሙ ሁለቱንም ንገሩት።

ውሃም አልጠጣም ካለ፣ የጠጣውን ካስመለሰ፣ ሆዱ ተነፍቶ ማስመለስ እየሞከረ ምንም ካልወጣው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ካጠረ፣ ነገን አትጠብቁ። ያልተመከነች አሮጊት ውሻ ካለቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ወንድ ፈልጋ ካለፈች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምግብ ትታ ውሃ ብቻ የምትጠጣ ከሆነ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ የዚያው ቀን ጉዳይ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው፣ እየጠጣ ምግብ ብቻ ያቆመ አሮጌ ውሻ፣ አንድ ቀን ካለፈው ደውሉ። ሁለት ቀን ካለፈው ይታይ።

እኛ ሰፈር ዳር ስለሆነ ሐኪም ጋ መድረስ ቀላል አይደለም። ሁለት ባጃጅ «ውሻ አልጭንም» ብሎኝ ሄዷል። ሦስተኛው ጆንያ አንጥፌ ከፍዬ ተስማማ። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ስልክ ውሻው ደህና እያለ ያዙ፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ መፈለግ አይሆንም። በደብረ ዘይት መስመር ላላችሁ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው።

ስትደውሉ ሐኪሙ ክብደቱን ይጠይቃችኋል። እኔ ነብሮን ታቅፌ ታክሲ መያዣው ጋ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ሄድኩ። አብረን ወጣን፣ ከዚያ ለብቻዬ ወጣሁ፣ ቀነስኩ። 20 ኪሎ። ልጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ፣ አልተከራከርኩም።

4. ከምግብ በፊት ውሃ

ውሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። ለ20 ኪሎ ውሻ አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ በምግቡ ውስጥ ያለው ተደምሮ። የሱሉልታም የለገጣፎም የክረምት ጠዋት ውሃ ጥርስ ያማል። ለብ አድርጉለት። አንድ ጭልፋ መረቅ ጠብ አድርጉበት፣ ሽታው ያስጠጣዋል። ሰሃኑን ከተኛበት አንድ ክንድ ርቀት ላይ አኑሩት፤ ወገቡ የሚያመው ውሻ ለውሃ ብሎ ግቢ አያቋርጥም።

5. ድስቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የእኛ ቤት ውሻ ያደገው በወጥ ትርፍራፊ ነው። ሲታመም ደግሞ አዝነን የባሰውን እናደርጋለን፤ ቅቤ የበዛበት፣ ጥሩ የተቁላላ ወጥ እንሰጠዋለን። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቢበስልም፣ ቢቁላላም፣ በዱቄት መልክ በርበሬ ውስጥ ቢሆንም ያው ነው። ቅቤና ጮማ ደግሞ ቆሽቱን ያስቆጣል። ጎረቤቴ በሦስተኛው ቀን «ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በለጋ ቅቤ አውጪለት፣ ሆዱን ይጠርገዋል» ስትለኝ አመስግኜ ወደ ቤት ገባሁ። አላደረግኩትም። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ የቡና አተላ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት፣ እነዚህም ከፊቱ ይራቁ።

እኔ የሠራሁት ይህ ነው። ግማሽ ኪሎ ጮማ የሌለው ቀይ ሥጋ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሌላ ምንም። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ እርድ የለም። ክዳኑን ገጥሞ ሁለት ሰዓት ያህል ማንተክተክ ነው። ከፍታ ላይ ስለምንኖር ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ላይ በአንድ ሰዓት የሚለሰልስ ሥጋ እዚህ ጊዜ ይወስዳል። አትቸኩሉ፣ ጥርሱ ለሚያመው ውሻ ሥጋው በጣት ሲነኩት መፈራረስ አለበት። ሲበርድ ከላይ የረጋውን ስብ በማንኪያ ግፈፉት። ከዚያ በመረቁ ሩዝ ቀቅሉ። ሩዙ እንደ ሰው ሩዝ ፍሬ ፍሬ እንዳይል፣ እስኪላቁጥ ድረስ።

ስንት ይብላ? አንድ ቀላል ስሌት አለ። ክብደቱን በ30 አባዙና 70 ደምሩ፤ ተኝቶ የሚውል ውሻ በቀን የሚፈልገው ካሎሪ ይወጣላችኋል። ለነብሮ 670። ያ ማለት 200 ግራም የተቀቀለ ቀይ ሥጋ፣ አንድ ስኒ ሙሉ የበሰለ ሩዝ (የሻይ ስኒ፣ የቡና አይደለም) እና አንድ የተቀቀለ እንቁላል ነው። ግን ተጠንቀቁ። ሦስት አራት ቀን ያልበላ ውሻ በአንዴ አይጠግብም። በመጀመሪያው ቀን ሩቡን፣ በማግስቱ ግማሹን፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት አራተኛውን፣ በአራተኛው ሙሉውን። ጨጓራው ብቻ ሳይሆን ደሙም ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። ይህ ምግብ ደግሞ ማሻገሪያ ነው፤ ለወራት ብቻውን አይበቃውም።

ኩላሊቱ የተያዘ ውሻ ልኩ ይለያል። ሥጋው ይቀንሳል፣ ሩዙ ይበዛል፣ ጉበትና አጥንት ይቀራል፣ የእንቁላሉም ነጩ ይመረጣል። መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ሳይበላ አትውጉት፣ መጀመሪያ ደውሉ።

6. ሽታና ሙቀት

ያረጀ ውሻ ምላሱም አፍንጫውም ደክሟል። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ ለእሱ ምንም አይሸተውም። በሰውነት ሙቀት ልክ፣ 38 ዲግሪ አካባቢ፣ አሙቁት። ለሕፃን ወተት እንደምታደርጉት የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ። ካልበረደም ካላቃጠለም ልክ ነው። እኔ ቀዝቃዛውን ሩዝ ሰሃን ላይ አድርጌ አንድ ጭልፋ ትኩስ መረቅ አፈስበታለሁ፣ በሹካ እደቁሰዋለሁ። እንፋሎቱ ወደ አፍንጫው ሲሄድ ጆሮው ትነሳለች። ጆሮ ከተነሳች ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከላይ የምትነሰነስ ትንሽ ነገር ትረዳለች። የተጠበሰና የተፈቀፈቀ ጉበት፣ ጣት ላይ የምትቀር ያህል ብቻ። ወይም አይብ፤ ቅቤው የወጣለት ስለሆነ ከብዙ ነገር ይሻላል። ወይም አጥንቱ የተለቀመ የተቀቀለ ዓሣ። ሥጋ ቤቶች ለውሻ ብለው የሚሸጡት ሳንባም ሽታው ይስባል፣ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት የለውም። ወተት ብዙ ውሻ ያስቀምጠዋል። እሱን ዝለሉት።

ሰሃኑ ዝርግ ይሁን። ጎድጓዳ ውስጥ አንገቱን መክተት ያደክመዋል። ከደረቱ ሥር የሚደርስ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ የእኔ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ነው። ሴራሚክ ወይም ሊሾ ከሆነ ወለሉ ጆንያ አንጥፉ፤ እግሩ የሚንሸራተት ውሻ ሲበላ ሐሳቡ እግሩ ላይ ነው።

አቅርባችሁ ዞር በሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ከቦ «ብላ እንጂ፣ ብላ የእኔ ጌታ» ሲለው ሰውስ ይበላል? 15 ደቂቃ ጠብቁና ካልበላ አንሡት። ፊቱ ተቀምጦ የሚውል ምግብ የሚያቅለሸልሸውን ያብስበታል፣ ዝንቡም አለ። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ አዲስ አሙቃችሁ አምጡ። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ከሁለት ትልልቅ ሰሃን ይህ ይሻላል።

እኔ ያጠፋሁት ጥፋት እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ተደናግጬ ሩዝ አቀረብኩ፣ ተወው። እንቁላል፣ ተወው። ገንፎ፣ ዓሣ፣ ጉበት፣ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት። ጉበቷን ሲያሸት ደስ ብሎኝ ክኒኑን እዚያ ውስጥ ደበቅኩ። ነከሳት፣ መራራው አፉ ውስጥ ፈነዳ። ጉበት እስከ ዛሬ አይነካም። አንድ ነገር ይዛችሁ አንድ ቀን ቆዩበት።

7. ጉርሻና ሲሪንጅ

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ለታመመ ውሻ ግን በአንዷ ጀምሩ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጎን ለጎን ከከንፈሩ ሥር ያዙለት። ካልወሰደ ከፊት ጥርሱ ሥር ድዱ ላይ ቀቡት። ይልሳታል፤ አንዳንዴ ያቺ ልሰት ቀጣዩን ትጠራለች። ነብሮ የበላው እንዲህ ነው። ሦስት ጊዜ ከድዱ ላሰ፣ አራተኛውን ከጣቴ ወሰደ፣ አምስተኛው ላይ ፊቱን አዞረ። አምስተኛው ላይ አቆምኩ። ሐኪም ማቅለሽለሹን በመርፌ ካቆመለት በኋላ ነው ይህ የሆነው። ያለ መርፌው ሁለት ቀን ድዱን ቀብቼ እጄን ብቻ ነው የታጠብኩት።

መርፌ የሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ፋርማሲ አለ። ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ ነው የምትጠቀሙት፣ ለሚያቅለሸልሸው፣ ለደነዘዘ ወይም በደንብ ለማይውጥ ውሻ ደግሞ በፍጹም። በደረቱ ይቀመጥ። ጭንቅላቱን ወደ ላይ አታቅኑ፤ መረቁ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ጫፉን በጉንጩ በኩል፣ ከክራንቻው ኋላ ባለችው ክፍተት አስገቡና አንድ ሁለት ሚሊ ብቻ ጨመቅ። ሲውጥ ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል። ያን ሳታዩ ሁለተኛውን አትስጡ። ካሳለ ቁሙ። ከታገላችሁ ተዉት። አፍ አስከፍቶ በግድ ማፍሰስ አንድ ቀን ያበላል፣ ከዚያ እናንተን ሲያይ መደበቅ ይጀምራል።

8. ክኒን

ከምግቡ ጋር አታቀላቅሉ። የምግብ ሰዓት ሌላ፣ የክኒን ሰዓት ሌላ፤ ባዶ ሆድ ይሆን ወይስ አይሁን ሐኪሙን ጠይቁ። የሰው ማስታገሻ፣ ፓራሲታሞልም፣ አይቡፕሮፌንም፣ ዳይክሎፌናክም፣ «ትንሽ ብቻ» ተብሎም አይሰጥ። ጨጓራውን፣ ጉበቱን፣ ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ።

9. ጾም ሲገባ

ይህን የሚጽፍ ሰው አላየሁም፣ ግን እኛ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ሥጋ ቤቱ ዘጋ። ሁዳዴ ቢሆን ደግሞ 55 ቀን ነው። ቀድሜ ስላሰብኩት ሐምሌ 30 ሁለት ኪሎ ገዝቼ ነበር። ሁሉንም ቀቀልኩ፣ ሥጋውን በየጥቂቱ በፌስታል ቋጥሬ፣ መረቁን የበረዶ መሥሪያ ውስጥ አፍስሼ ፍሪዘር ከተትኩ። አንድ ኩብ መረቅ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ካላችሁ ግን ትንሽ ትንሽ ግዙ፤ ቀልጦ ያደረውን መልሶ ማብረድ አይሆንም። ሲያልቅብኝ እንቁላል ነበር፣ ሱቅ አይጠፋም።

እናቴ የጾም ድስቷን እንዳልነካባት አስምላኛለች። ስለዚህ ለነብሮ አሮጌ ብረት ድስት ለየሁ፣ ከሰል ግቢ አወጣሁ። እሷም ሽታው ቤት እንዳይገባ መስኮቱን ትዘጋና፣ ቆየት ብላ ከፈት አድርጋ «በላ?» ትላለች።

10. ደብተር

አንድ ደብተር ያዙ። ሰዓት፣ ምን ቀረበ፣ ስንት ማንኪያ ገባ፣ አስመለሰ ወይስ አላስመለሰም፣ ሸና። «ትንሽ በልቷል» ማለት ሐኪምን አይረዳውም። «ትናንት አራት፣ ዛሬ ሁለት» ይረዳዋል። ሐኪሙ የነብሮን አንድ የመንጋጋ ጥርስ ነቀለ፣ ደሙን አይቶ ኩላሊቱ መድከም መጀመሩን ነገረኝ። የሥጋውን ልክ ያስተካከልነው ደብተሩን ይዘን ነው። የሚቆምበትንም ያኔ ተነጋገርን። ማቅለሽለሹ ታክሞ፣ ሕመሙ ታግሶ፣ ሦስት ቀን ምንም ካልገባው ሲሪንጁን አስቀምጬ እደውላለሁ፣ እሱም መጥቶ እንወስናለን። ይህን ንግግር ውሻው እየበላ ሳለ ጨርሱት፤ በሚያለቅስ ዓይን አይወሰንም።

እስካሁን አልደወልኩም። ጎረቤቴም ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ረስታዋለች። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ትንጠራራና «ዛሬስ ስንት ማንኪያ?» ትለኛለች። ደብተሬን ገልጬ እነግራታለሁ። ዛሬ ሰባት ነው።